ሰባ ስምንት ላይ ማቆም

ባሕር ዳር ጧት ጧት በሐይቁ ዳር የሚራመዱትን ጡረተኞች ንቄ አልጠግብም። ነጭ ጫማ አድርገው፣ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጥለው፣ እጃቸውን እያወናጨፉ ይሄዳሉ፤ ያየ ሰው ሞት ከኋላቸው በእግሩ የሚከተላቸው ይመስለዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠው ማኅተም ሲመቱ ኖረው፣ ወንበሩን ሲለቁ ነው እግር እንዳላቸው ትዝ የሚላቸው። ሲጨርሱ ጁስ ቤት ይቀመጡና የደም ግፊታቸውን ቁጥር እንደ ማዕረግ እየጠሩ ይፎካከራሉ። ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። እኔም አብሬያቸው እራመዳለሁ፣ ጫማዬም ነጭ ነው፣ ግፊቴም ከፍ ያለ ነው።

ጡረታ የወጣሁት በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆኜ ነው። በእጄ ያለፈውን ፎርም ብዛት እግዜር ይወቀው። ፎርም ላይ የሚሰፍረው እውነቱ ሳይሆን የሚሞላው ሰው እንዲታመንለት የሚፈልገው ነገር መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ልጄ የመንትዮቹን ጥናት ወሬ ይዛ ቤት ስትመጣ ከልቤ ሳቅሁ።

ልጄ በአንድ የጤና ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ውስጥ ትሠራለች። እዚያ ያለ አንድ ወጣት ሐኪም በጣና ዙሪያ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ መንትዮችን እያሰባሰበ ነበር። ሊያውቅ የፈለገው እርጅና ከዘር ነው ወይስ ከአኗኗር የሚለውን ነው። ልጄ እንዳስረዳችኝ፣ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው መንትዮች በዘራቸው አንድ ናቸው። ስለዚህ አንዱ ቀድሞ ከጎበጠ ያጎበጠው ኑሮው ነው፤ ሁለቱም እኩል ከጎበጡ ያጎበጣቸው ዘራቸው ነው። "ዘር ከልጓም ይስባል" ያሉት አባቶቻችን የደም መቅጃ መርፌም ኮምፒዩተርም አላስፈለጋቸውም ብዬ ላሾፍባት ሞከርሁ፤ አልሰማችኝም።

"አባባ፣ እናንተኮ ለዚህ ጥናት የተፈጠራችሁ ናችሁ" አለችኝ። "መልካችሁ አንድ፣ ኑሯችሁ ደግሞ አይገናኝም። አንተ ሚኒስትሪን አንደኛ ሆነህ አልፈህ ከተማ ገባህ። አጎቴ ሳይማሩ ገበሬ ሆነው ቀሩ። ዶክተሩ ይህን ሲሰማ ደስታውን አትጠይቀኝ።"

በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ያለው ውሸት የእኔ ነው፤ እሷ ያገኘችው ከእኔ ነው። እውነቱን እዚሁ ልጻፈው፣ አለዚያ ቀሪው ትርጉም አይኖረውም።

የተወለድነው ከቆላ ድባ ወጣ ብላ ባለች የደንቢያ መንደር ነው። እኔ ቀድሜ ወጣሁ፤ እሱ፣ አዋላጇ እንደምትለው፣ አንድ እንስራ ውሃ ለብ እስኪል ቆይቶ ተከተለኝ። ታላቅና ታናሽ የሆንነው በዚያች ጊዜ ነው። በእኛ አገር ታላቅ፣ በደቂቃም ቢሆን ታላቅ ነው። ገበታ ላይ ቀድሜ የምቆርሰው እኔ ነበርሁ፣ ሽማግሌ ሲጠይቀን ቀድሜ የምመልሰውም እኔ ነበርሁ፤ እሱ እኔ ሳልናገር አይናገርም፣ እኔ ከተናገርሁት በላይም አይጨምርም።

ትምህርት ቤት የሚመዘገብበት ጊዜ ሲደርስ አባታችን አንድ ልጅ ብቻ ነው የምለቅ አለ። ሌላው ሽምብራ ይጠብቃል። የተመዘገበው የእኔ ስም ነበር፤ ታላቅ ነኛ። ወንድሜ ግን ሦስት ቀን አለቀሰ። በሦስተኛው ቀን እናታችን "መልካቸውን ከእኔ በቀር የሚለይ የለ፤ በየተራ ይሂዱ" አለች። እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን እኔ እሄዳለሁ፣ በማግሥቱ እሱ በእኔ ስም ይሄዳል። ትምህርት ቤት የዋለው ወደ ማታ ሲመለስ ሽምብራ ጥበቃ ለዋለው ያስተምረዋል። ሁለታችንም አንድ ደብተር፣ አንድ ቁምጣ፣ አንድ ስም ነበረን። ስምንት ዓመት እንደ አንድ ተማሪ ተማርን። ከመምህራኑ አንዱ ብቻ አባታችንን አስጠርቶ፣ "ይህ ልጅዎ ምን ነክቶት ነው አንድ ቀን ብልህ፣ አንድ ቀን ደደብ የሚሆነው?" ብሎ ጠይቆት ነበር። ብልሁ ቀን የማን እንደሆነ ቤታችን ውስጥ ሁሉም ያውቅ ነበር።

የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ በዋለበት ዕለት ተራው የእኔ ነበር። ጧት ሆዴን ያዘኝ። የያዘኝ ፍርሃት መሆኑን እናቴም ወንድሜም ያውቁ ነበር። እሱ ቁምጣውን ለብሶ ሄደ፤ ፈተናው እስኪያልቅም እየሄደ ተፈተነ። ውጤቱ ሲመጣ ስሜ ከሁሉ በላይ ተለጥፎ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጎንደር ሄዶ መማር የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ አባታችን ሁለታችንንም ማሳ ይዞን ወረደና በየተራ እርፍ አስያዘን። እኔ ስይዝ ማረሻው ወዲያና ወዲህ ተንከራተተ። እሱ ሲይዝ ፈሩ ቀጥ ብሎ ሄደ። አባታችን ለጥቂት ጊዜ ሁለቱን ፈር ሲያይ ቆየና "ለእርፍ የሚሆነው ይቅር፣ የማይሆነው ይሂድ" አለ። እኔ ምሁር የሆንሁት እንዲህ ነው።

ለሚስቴም፣ ለሥራ ባልደረቦቼም፣ ለልጆቼም የነገርሁት ግን ሌላ ነው። ሚኒስትሪን አንደኛ ወጥቼ አለፍሁ፤ ወንድሜ ለትምህርት ልብ አልነበረውም። ልጄ ተማሪ ሳለች በፈተና ሰሞን ስትጨነቅ "እኔ አባትሽ በአንድ ደብተር ተምሬ አንደኛ የወጣሁ ነኝ" እላት ነበር። አንድ ደብተር ማለቴ ብቻ እውነት ነው። አባትና እናታችን ካለፉ በኋላ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። እሱም ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ተንፍሶ አያውቅም። ለሠርግና ለለቅሶ ባሕር ዳር ሲመጣ ሳሎኔ ጥግ ላይ ይቀመጥና፣ ልጆቼ ስለ ብልህነቴ ሲያወሩ አንገቱን እየነቀነቀ ያዳምጥ ነበር። እኔም ይሄ አንገት መነቅነቅ ምን ማለት ነው ብዬ ጠይቄው አላውቅም።

ልጄ ሁለት ፎርም ይዛ መጣች። "የአጎቴንም አንተው ሙላው፣ እሳቸው በምን ይሞሉታል" አለችኝ። ብዕሬን አወጣሁ። የትምህርት ደረጃ የሚለው ጋ ስደርስ ሦስት ሳጥን አለ፦ ማንበብና መጻፍ የማይችል፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ መደበኛ ትምህርት የተማረ። ወንድሜ ለመንደሩ ሰው ከመንግሥት የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ የሚያነብ ሰው ነው። የማዳበሪያው ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚያነብላቸው እሱ ነው፤ የእድሩን ቃለ ጉባኤ የሚጽፈው እሱ ነው፤ ልጆቻቸው ከሱዳን የሚልኩትን መልእክት ከስልክ ላይ የሚያነብላቸውም እሱ ነው። ሁለተኛውን ሳጥን ብሞላው ግን ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ "የት ተማረ?" ነው፤ ጠያቂዋ ደግሞ ልጄ ናት። የመጀመሪያውን ሳጥን ሞላሁና ፎርሙን አጥፌ ሰጠኋት። እጄ ሠላሳ ዓመት የለመደ እጅ ነው።

ወንድሜ ከሳምንት በኋላ መጣ። ከአውቶቡሱ ሲወርድ የላስቲክ ጫማ አድርጎ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ በአንድ እጁ ዱላ፣ በሌላው አንድ ፌስታል የሽምብራ ቆሎ ይዞ ነበር። ፊቱ ፀሐይ የጠበሰው፣ ጉንጩ የገባ፣ ሁለት የፊት ጥርሱ የወለቀ ነው። መናኸሪያው ውስጥ ያሉት ሰዎች እሱን አይተው ወደ እኔ፣ እኔን አይተው ወደ እሱ ዞሩ። የባጃጁ ሹፌር "አባትዎ ናቸው?" ብሎ ጠየቀኝ። ደስ አለኝ። ስልሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰው በዚህ ደስ ይለዋል ቢባል ማን ያምናል፤ እኔ ግን እቤት እስክንደርስ ፈገግታዬን መሰብሰብ አቅቶኝ ነበር።

በማግሥቱ ጧት ወደ ኮሌጁ ሄድን። አዳራሹ ውስጥ መንታ ሽማግሌ ተሰብስቦ ማየት ሰውን ከሰው ያስጠላል። ከጢስ ዓባይ የመጡ ሁለት ባልቴቶች አንድ ዓይነት ቀሚስ ለብሰው አንዷ የጀመረችውን ሌላዋ እየጨረሰች ይስቃሉ። ከወረታ የመጡ ሁለት ነጋዴዎች ደግሞ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል፤ በአባታቸው ሱቅ ተጣልተው ከተነጋገሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል አሉ፤ ለሳይንስ ሲሉ ግን አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ወጣቱ ሐኪም በመካከላችን እየተመላለሰ "በጣም አሪፍ፣ በጣም አሪፍ" ይላል። ልጁ ንጹሕ ነው፣ ትሑት ነው፣ ደግሞም የሚያየውን ሁሉ ያምናል። ሰውን ሊመረምር የሚነሣ ሰው እንዲህ የዋህ መሆኑ አናደደኝ።

መጀመሪያ የፈቃድ ወረቀት ነው። ለእኔ ብዕር ተሰጠኝ። ለወንድሜ፣ ፎርሙ እንዳዘዘው፣ ልጄ ሐምራዊ ቀለም የጠጣ ስፖንጅ አመጣችለት። ሐኪሙ ወረቀቱን ሊያነብለት ዘርግቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ከላዩ እኔ የሞላሁት ገጽ ነበር። የወንድሜ ዓይን ከላይ ጀምሮ መስመር በመስመር ሲወርድ አየሁ። መካከል ላይ ቆመ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

"ማንበብ የማይችሉት እርስዎ ነዎት፣ አባቴ?" አለው ሐኪሙ።

ልጄ ስፖንጁን ይዛ አጠገቡ ቆማለች። "እኔ እኮ ስምንተኛ ክፍል ተፈትኛለሁ" ቢል አለቀልኝ።

"እኔ ነኝ፣ ልጄ" አለ ወንድሜ። ሐኪሙ ሁለት ገጽ ሙሉ ቀስ እያለ አነበበለት፤ እሱም በየመካከሉ "እሽ" እያለ አዳመጠ። ሲያልቅ አውራ ጣቱን ቀለሙ ውስጥ ነክሮ ወረቀቱ ላይ ጫነ። ከዚያ ጣቱን በጋቢው ጫፍ ሲጠርግ ቆየ፤ ቀለሙ አልለቀቀውም።

ቀጥሎ የሚጨበጥ ብረት ሰጡን። በኃይል ስንጨብጠው ቁጥር ያወጣል። እኔ ጥርሴን ነክሼ ጨበጥሁ። ወንድሜ እንደ ዋዛ ያዘውና ቁጥሩ ከእኔ ወደ ሁለት እጥፍ ሆነ። "አዩ አይደል" አለ ሐኪሙ፣ "በዘር አንድ ናችሁ፤ ይህን ያመጣው የእርሻ ሥራው ነው። አኗኗር ማለት ይሄ ነው።" አባታችን ገና በልጅነታችን ይህንኑ እጅ አይቶ ነው እርሻ ላይ ያስቀረው። እርፉ እጁን አላጠነከረው፤ እጁ ነው ወደ እርፉ የወሰደው። ለሐኪሙ ይህን ለመንገር ስለ ትምህርት ቤቱ መናገር ያስፈልጋል። ስለዚህ እኔም "በጣም አሪፍ" አልሁ።

በአንድ እግር ቁሙ ተባልን። እኔ ጥቂት ቆሜ የሐኪሙን ትከሻ ያዝሁ፤ ያ ሁሉ የሐይቅ ዳር ጉዞ፣ ያ ነጭ ጫማ የሰጠኝ ይህን ነው። ወንድሜ ሐይቁ ጥግ እንደሚቆም ሳቢሳ ወፍ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ "ይበቃል አባቴ" እስኪሉት ድረስ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።

የመጨረሻው የማስታወስ ፈተና ነበር። ሁለት መንትዮችን ለይቶ ለመመርመር በመካከላቸው አንሶላ ጋርዶ የሚያስቀምጥ ሳይንስ ያኔ አየሁ። ወንድሜ ከአንሶላው ማዶ ተራውን እየጠበቀ ተቀምጧል፤ ቆሎ ሲቆረጥም ይሰማኛል። ሐኪሙ አሥር ቃላት ነገረኝና ቆይቶ ድገማቸው አለኝ። ጀልባ፣ ሎሚ፣ ቁልፍ፣ ዝናብ። ከዚህ በኋላ ባዶ ሆነ። ቀጥሎ ከመቶ ጀምሬ ሰባት ሰባት እየቀነስሁ እንድቆጥር ጠየቀኝ። ዘጠና ሦስት አልሁ። ሰማንያ ስድስት አልሁ። ሰባ ስምንት አልሁ። ሰባ ዘጠኝ መሆን እንደነበረበት የገባኝ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ እንደ ጭቃ ሆኖብኝ "ይቅር፣ ከዚህ በላይ አልሄድም" አልሁት። ከአንሶላው ማዶ ያለው የቆሎ ድምፅ ተቋርጦ ነበር።

ከዚያ የእሱ ተራ ሆነ፤ እኔ በእሱ ቦታ ከአንሶላው ማዶ ተቀመጥሁ። ሐኪሙ ያንኑ ፈተና አቀረበለት። ወንድሜ ከመቶ ሰባት መቀነስን የሚያውቅ ሰው ነው። በቆላ ድባ እህል ገበያ ነጋዴ ስልኩን አውጥቶ ሲደምር እሱ መልሱን በአፉ ይነግረዋል። ቀስ ብሎ ጀመረ። "ጀልባ፣ ሎሚ፣ ቁልፍ፣ ዝናብ" አለና ቆመ። ከዚያ "ዘጠና ሦስት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰባ ስምንት" አለ። ቀጥሎ "ይቅር፣ ልጄ፣ ከዚህ በላይ አልሄድም" አለ።

ሐኪሙ ወንበሩን ገፍቶ ብድግ አለና አንሶላውን ገለጠው። በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ የነበረችውን ልጄን ጠራት። "ስህተታቸው እንኳን አንድ ነው" አላት። "አንዱ የተማረ፣ አንዱ ያልተማረ፤ ኑሯቸው አይገናኝም፤ ግን ያስታወሱት ያንኑ አራት ቃል፣ የተሳሳቱትም ያንኑ ቁጥር። ይህ ዘር ካልሆነ ምንድን ነው?" ልጄ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እኔንም አጎቷንም በየተራ አየች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ አንሶላው ሥር ተቀምጬ ወለሉን አየሁ። እዚያች ክፍል ውስጥ ዘር የሚባል ነገር የለም። ያለው ይሉኝታ ነው። የእኛን አገር ሰው ሊለካ የሚነሣ ሐኪም ከደም መርፌው በፊት ይሉኝታን የሚለካ ብረት ቢያሠራ ይሻለው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ዓሣ ቤት ወሰድሁት። ልጄ ሥራ ላይ ስለነበረች ሁለታችን ብቻ ነበርን። ዓሣውን ገላልጦ እሾሁን ለየና ሥጋውን ወደ እኔ በኩል ገፋልኝ፤ ልጆች ሆነንም እንዲሁ ያደርግ ነበር። የደንገል ታንኳ የያዙ ሰዎች ሩቅ ላይ ይታያሉ። እኔ ግን ሳልናገር መዋል አልቻልሁም።

"ለምን ሰባ ስምንት አልህ?" አልሁት።

"አንተ ሰባ ስምንት ስላልህ ነዋ።"

"ስህተት መሆኑን አታውቅም?"

"አውቃለሁ እንጅ። ሰባ ዘጠኝ ነው። ከዚያ ሰባ ሁለት፣ ስልሳ አምስት፣ አምሳ ስምንት" አለና ትከሻውን ነቀነቀ። "ታላቄ የቆመበትን አልፌ ልሂድ? ልጅህ ቆማ ትሰማለች። እኔ እህል ነጋዴ የማያታልለው ገበሬ ነኝ፤ አንተን ማሳፈር ምን ይጠቅመኛል?"

"ጥናቱን እኮ አበላሸኸው" አልሁት። ራሴን ስለ ጥናት ስናገር ሰማሁት። እኔ ፎርሙን የሞላሁት ሰው ነኝ ይህን የምለው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እኔ ግን በሚያውቀኝ ሰው ፊት ነው ቁርበት አንጥፉልኝ ያልሁት።

"እኔስ የቆምሁት አንተ የቆምህበት ላይ ነው" አለ ወንድሜ። አውራ ጣቱን አየት አድርጎ ዓሣውን መብላቱን ቀጠለ። ስለ ፎርሙ ይነሣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላነሣም። እኔም አላነሣሁም። ይህን ዝምታ እርጋታ ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት፤ ፈሪ ሰው ለፍርሃቱ ጥሩ ስም አያጣም።

ማታ እራት ላይ ልጄ ስለ ዘር ስታወራ አመሸች። አጎቷን "አባባና እርስዎ አንድ ሰው ናችሁ እኮ" አለችው። "ብቻ አባባ የተማረበት ዕድል ለእርስዎ ሳይደርስ ቀረ።" እሱ እንደ ወትሮው አንገቱን ነቀነቀ። ያኔ መናገር ይገባኝ እንደነበር ማንም ይፈርዳል። አፌን ከፈትሁ፤ ከአፌ የወጣው ግን "ወጡን ጨምሪለት" የሚል ነው።

በማግሥቱ ጧት መናኸሪያ ሸኘነው። የጎንደር መኪና እየሞላ ነበር፤ ረዳቱ ማክሰኝት፣ አዘዞ እያለ እየጮኸ ሰው ይጠራል። ልጄ የአጎቷን የመንገድ ስንቅ በፌስታል፣ የምርመራውን ውጤት በሁለት ፖስታ ይዛ መጥታ ነበር፤ ሐኪሙ ለሁሉም መንትዮች አንድ አንድ ቅጂ እንዲሰጥ አዝዞ ነው። የአጎቷን ሰጠችው። ከፖስታው አውጥቶ ዘረጋው፤ ከላዩ ያ እኔ የሞላሁት ገጽ ነበር፣ ከሥሩ የምርመራው ቁጥር። ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወደ እኔ አቀበለኝ።

"እኔ ማንበብ የማልችል ነኝ" አለ። "አንብብልኝ እስቲ፣ ታላቄ።"

ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም። ልጄ ሰው እንዳይገፋው ጋቢውን እየሰበሰበችለት ነበር። ወረቀቱን ያዝሁና ማንበብ ጀመርሁ። ስሙን አነበብሁ፣ ዕድሜውን፣ የተወለደበትን፣ የሚሠራውን። ክብደቱን፣ የደም ግፊቱን፣ የጭብጡን ኃይል አነበብሁ። ግፊቱ ከእኔ ያነሰ ነበር፤ ይህንንም ጮክ ብዬ አነበብሁት፣ ደግ ሰው ለመምሰል። እስከ መጨረሻው ሄጄ ወረቀቱን አጠፍሁ።

ወንድሜ ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። አውራ ጣቱ ላይ ያለው ሐምራዊ ቀለም ገና አልለቀቀም።

"አንድ መስመር ዘለልህ" አለኝ።

ልጄ ጋቢውን ለቀቀችው። እሱን አየችው፣ ከዚያ በእጄ ያለውን የታጠፈውን ወረቀት አየች፣ ከዚያ እንደገና እሱን። "አጎቴ፣" አለች፣ "መዝለሉን እንዴት አወቁ?"

"አባትሽ ይንገርሽ" አለና ፌስታሉን ከእጇ ተቀብሎ ወደ መኪናው ወጣ።